ስኳሩ ከበራዱ ይውጣ

ዛሬ ጠዋት የዓይን ሐኪሟ የአባዬን ዓይን በዚያች በምታበራው መሣሪያዋ ደጋግማ አየች። ማየቷ በጣም ረዘመብኝ። ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አደረገችና «ከኋላ ያለው ክፍል ደህና ነው፤ የተጎዳ ነገር አላየሁም። በዚሁ ይቀጥሉ። በየዓመቱ ግን እየመጡ ይታዩ» አለችው።

አባዬ እንዳልሰማ ሰው አያት። «ማለት... ጥለት መሥራት እችላለሁ?»

«እኔ ሽመና አላውቅም፣ አባቴ» ብላ ሣቀች። «ዓይንዎ ግን ይችላል።»

ኮሪደሩ ላይ እንደወጣን እልል አልኩ። ጥበቃው «አንቺ! ሆስፒታል እኮ ነው» ብሎ ተቆጣኝ። አባዬ «ተዋት ወንድሜ፣ የምሥራች ሰምታ ነው» አለው። ከዚያ እስከ ታክሲው ድረስ የአባቴን እጅ ይዤ ሄድኩ። በዚህ ዕድሜዬ የክፍሌ ልጆች እንደዚያ ሆኜ ቢያዩኝ አንድ ሳምንት ይሥቁብኝ ነበር። ይሣቁ።

ቤት ገብቼ ደስታዬን ልጻፍ ብዬ ቁጭ አልኩ። እንግዲህ አሁን የምጽፍ ሰው ሆኛለሁ፤ እንዴት እንደሆንኩ እደርስበታለሁ። ግን ብዕሩን እንዳነሳሁ ንዴቴ ደስታዬን ቀድሞት መጣ። ያን ሁሉ ወራት አባዬ ክር እያየ ክሩ የጠፋበት በምንድን ነው? በሻይ። በለስላሳ። «ትንሽ ናት፣ ምንም አትልህም» እየተባለ በተቀዳለት ነገር። ስለዚህ ደስ ብሎኝም ተናድጄም ነው የምጽፈው። አብረው አይሄዱም ያለ ሰው መጥቶ እኔን ይይ።

አባዬ ሸማኔ ነው። ሽሮ ሜዳ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከሌሎች ሸማኔዎች ጋር ይሠራል። ቤታችን ወደ ቁስቋም በሚወስደው ዳገት ላይ ነው። የአባዬ ነጠላ የሚታወቀው በጥለቱ ነው፤ ያ ጠርዙ ላይ ያለው ባለቀለም ጌጥ። ክሩን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ ቀለሙን እየቀያየረ ነው የሚሠራው፤ ንድፍ አይቶ አያውቅም፣ ሁሉንም በጭንቅላቱ ይዞታል። ሌሎቹ ሸማኔዎች ቀለም ሲምታታባቸው «እስቲ ና እየው» ብለው የሚጠሩት እሱን ነው። ተነሥቶ ሄዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «እዚች ጋ ነው የዘለልከው» ብሎ በጣቱ ያሳያቸዋል። እኔ ይህን እያየሁ ነው ያደግኩት።

ባለፈው ክረምት ክሩ ይደበዝዝብኝ ጀመር አለ። ዕድሜ ነው አልን። መንገድ ዳር ከሚሸጡት መነጽሮች አንዱን ገዛ፤ ደስ አለው። ብዙም ሳይቆይ መነጽሩ አልሠራ አለው። ጠንከር ያለ ገዛ። እሱም ትንሽ ሠርቶ እምቢ አለ። ሌላ ጨመረ። ከዚያ አንድ ቀን ያ የመጀመሪያው መነጽር ተመልሶ መሥራት ጀመረ!

«መነጽሩ ነው እንዴ የሚታመመው?» አለች እማዬ። ሦስቱንም ደረት ኪሱ ውስጥ ደርድሮ ከበር ሲወጣ «የመነጽር ሱቁ ተከፈተ» ትለው ነበር። እንሥቅ ነበር። ውኃ ያለ ልክ መጠጣት ጀምሮ ነበር፣ ሽንት ቤት መመላለስም አብዝቶ ነበር። እሱን ደግሞ ብርድ ነው አልን። እኛ ሰፈር በክረምት የማንኛውም ሕመም ስሙ ብርድ ነው።

ከዚያ የአንድ ሰርግ ነጠላ ታዘዘለት። ለሙሽሪት እናት የሚሆን፣ ጥለቱ ሰማያዊና ወርቃማ የሆነ። አባዬ ደክሞበት ጨርሶ ለሚያስረክበው ነጋዴ ሰጠ። በማግሥቱ ነጋዴው አስጠራው፤ ቅዳሜ ስለነበር እኔም አብሬ ሄድኩ። ነጠላውን ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። ሰማያዊው ጥለት ከመሃል ጀምሮ አረንጓዴ ሆኗል። እስከ ጫፉ ድረስ አረንጓዴ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

አባዬ መነጽር ቀያየረ። አንዱን አደረገ፣ አወለቀ፣ ሌላውን አደረገ። ሰዉ ሁሉ እያየው። በመጨረሻ ነጠላውን ወደ በሩ ይዞት ሄዶ በፀሐይ ብርሃን አየው።

«የእኔ ጥፋት ነው» አለ።

«አይ፣ ጥፋት አይደለም፣ ዕድሜ ነው» አለ ነጋዴው። «ካሁን በኋላ ጋቢ ይሻልዎታል። ጋቢ ነጭ ነው፣ አያሳስትም።»

በጣም በትሕትና ነው የተናገረው። ቢሰድበው ይሻለኝ ነበር። አባዬ ነጠላውን አጥፎ በብብቱ ይዞ ዳገቱን ወጣ። ቤት ገብቶ ነጠላውን ልብስ የምናስቀምጥበት ሣጥን ሥር ከተተው። ከዚያ በኋላ ጋቢ ብቻ መሥራት ጀመረ። ነጭ በነጭ። ሌሎቹ ሸማኔዎች «እስቲ ና እየው» ማለቱን ተዉት፤ አዝነውለት እንደሆነ አውቃለሁ።

እማዬ እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ እኔም ተከተልኩ። ነርሷ ጣቱን ወጋ አድርጋ ደሙን በመሣሪያ አየችና ቀና አለች።

«አባት፣ ስኳር አለብዎት።»

«የት?» አለ አባዬ። ኪሱን ሁሉ ሊፈትሽ ምንም አልቀረውም።

ነርሷ ሣቋን ዋጠችው። ስኳር በደም ውስጥ ሲበዛ የዓይንን ሌንስ እንደሚያሳብጠው፣ ከፍ ዝቅ ሲል ደግሞ ዕይታውም አብሮ እንደሚለዋወጥ አስረዳችን። መነጽሩ አንድ ቀን ሠርቶ ሌላ ቀን እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። «አሁን የደበዘዘው ሊመለስ ይችላል» አለች። «ስኳሩ ከፍ እንዳለ ከቆየ ግን ከዓይን ጀርባ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያበላሻል። እሱ ከተበላሸ በኋላ እንደ ድሮው መመለስ ከባድ ነው።» ኩላሊትንና እግርንም ጠቀሰች፤ እኔ ግን ዓይን ላይ ቀርቼ ነበር።

ከዚያ ስለ ሻይ ጠየቀችው። አባዬ ጠዋት ቤት ይጠጣል፤ ሥራ ቦታ ረፋድ ላይም ከሰዓትም ይጠጣል፤ ማታም አለ። ምሳውን ከዳቦና ከለስላሳ ጋር ነው የሚበላው።

«በብርጭቆ ስንት ማንኪያ ስኳር?»

«ሦስት» አለ አባዬ። «እንደ ብርጭቆው... አራትም ይሆናል።»

«ጤነኛ ሰው እንኳ ቀኑን ሙሉ ከስድስት የሻይ ማንኪያ ባይበልጥ ነው የሚመረጠው። እሱም ሻይ ላይ የሚጨመረው ብቻ አይደለም፤ ለስላሳው ውስጥ፣ ብስኩቱ ውስጥ፣ ኬኩ ውስጥ፣ ጁሱ ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ ላይ ተደምሮ ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን ስምንት ማንኪያ ያህል አለው።»

አባዬ ትንሽ አሰበ። «ሲስተር፣ እኔ እኮ ስድስቱን ረፋድ ላይ ነው የምጨርሳቸው።»

«ገብቶኛል» አለች። በሽታውን ስኳር መብላት ብቻውን እንደማያመጣው፣ ዘርም ውፍረትም ቁጭ ብሎ መዋልም እንዳለበት ነገረችን። እንጀራውና ዳቦውም ይመጠን አለች። «ጣፋጭ መጠጥ ግን ለእርስዎ በቃ።» ኪኒን አዘዘችለት፤ ልንወጣ ስንል ደግሞ «ካንቀጠቀጠዎትና ካላበዎት ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ከረሜላ ይምጠጡ። ከኪስዎ አይጥፋ» አለችው።

አባዬ ከምክሩ ሁሉ አጥብቆ የያዘው ይህን ነው። «ነርሷ ራሷ ናት ከረሜላ ያዘዘችልኝ» ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሻይ ሲጠጣ ባየ ቁጥር ያንቀጠቅጠዋል። እኔ ግንባሩን እዳስሳለሁ።

«የታለ ላቡ?»

«ውስጥ ነው ያለው» ይለኛል።

እዚህ ድረስ ንዴቴ ያን ያህል አልነበረም። ንዴቴ የጀመረው ጠያቂ ሲመጣ ነው።

እኛ ፕሮቴስታንቶች ነን። ከቤተ ክርስቲያናችን የሰፈራችን ሰዎች ሐሙስ ሐሙስ በየተራ በየቤታችን እንሰበሰባለን፤ እንዘምራለን፣ ቃል እናነባለን፣ እንጸልያለን፣ ከዚያ ሻይ ይመጣል። የቤት ኅብረት እንለዋለን። ቤታችን ጠላ አይገባም፣ ጠጅ አይገባም፣ ቢራ አይታሰብም። ስለዚህ ደስታችንም ሐዘናችንም ጥየቃችንም በለስላሳ ነው። አልኮል እስካልሆነ ድረስ ምንም ክፉ ነገር ጠርሙስ ውስጥ ሊኖር የሚችል አይመስለንም።

አባዬ መታመሙ እንደተሰማ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ተሰብስበው መጡ። ባዶ እጁን የመጣ አንድም የለም። ለስላሳ በሳጥን። ጁስ በካርቶን። ክሬም ኬክ። አንዷ ደግሞ ማር ይዛ መጣች፤ ነጭ ማር፣ ከገጠር የተላከላት።

«ስኳር ነው አሉ?»

«አዎ» አለ አባዬ።

«አይዞህ፣ ጌታ ትልቅ ነው! ምን ልክፈትልህ፣ ብርቱካናማውን ወይስ ጥቁሩን?»

ይህን ስጽፍ አሁንም ጆሮዬ ይግላል። እኔ «አይጠጣም» አልኩ። ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ልጅት፣ አንድ ቀን እኮ ነው።»

«ለስላሳ ነው፣ ሌላ ነገር መሰለሽ እንዴ?»

«በቃ ጁስ ይሁንለት፣ ፍራፍሬ ነው።»

«ማሩንስ? ማር መድኃኒት ነው፤ ማር ስኳር አይባልም።»

አባዬ አየኝ፤ ከዚያ እነሱን አየ። እጁን ዘረጋ። ብርቱካናማው ተከፍቶ ተሰጠው። «እንጸልይ» ተባለ። ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ፤ እኔ አልጨፈንኩም። አባቴ ከስኳር በሽታ እንዲፈወስ አጥብቀው እየጸለዩለት ነው፣ የአንዳንዶቹ እንባ እየወረደ ነው፣ እሱ ደግሞ ጠርሙሱን ጉልበቱ ላይ ይዟል፤ አረፋው እየፈነዳ ይሰማኛል። «አሜን» አሉ። አባዬም «አሜን» ብሎ ጠጣ።

ሲሄዱ ጮህኩበት። «ለምን ጠጣህ?»

«እጃቸውን ልመልስ?» አለኝ። «ዳገት ወጥተው መጥተው?»

እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ እንዴት ቀላል ይሆን ነበር! ይወዱታል። እየወደዱት ነው ማንኪያ በማንኪያ ዓይኑ ላይ የሚጨምሩበት። «ትንሽ ናት» ይላል አንዱ፣ ያቺን ትንሽ ሰጥቶ ይሄዳል፤ ሌላው ይመጣና የራሱን ትንሽ ይሰጣል። የሁሉንም ትንሽ የሚጠጣው ግን አንድ ሰው ነው።

በዚያ ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ አባዬ ከሥራ ሲመለስ በራችን ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ዳገቱን ቀስ እያለ መጣ። ልስመው ቀረብ አልኩ። በአጠገቤ አለፈ።

«አባዬ!»

ደንግጦ ዞረ። «አይቼሻለሁ እኮ» አለኝ።

አላየኝም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሻይ ከምታፈላው ሴት ጋር ተጣላሁ። ዕድሜዋ የገፋ፣ ባሏ የሞተባት፣ ሁላችንም «እናታችን» የምንላት ሴት ናት። የኅብረቱ ተራ የማንም ቤት ይሁን ሻዩን የምታፈላው እሷ ናት፤ ሌላ ሰው ካፈላው ይቀጥናል ትላለች። ትልቁ የሻይ በራድ ይጣዳል፤ ቅጠሉ፣ ቀረፋው፣ ቅርንፉዱ ይገባል፤ ስኳሩም አብሮ ይፈላል። ሁሉም ሰው ብርጭቆው ሲደርሰው ቀድሞ ጣፍጦ ነው። ስኳር ልቀንስ፣ አልፈልግም የሚባል ነገር የለም።

ወጥ ቤት ገባሁ። «እናታችን፣ ስኳሩ ከመግባቱ በፊት ለአባዬ አንድ ብርጭቆ ይቅዱልኝ።»

«ባዶ ሻይ?» አለችኝ። «አባትሽን እስረኛ አደረግሽው እንዴ?»

«ታዲያ ስኳሩን ለብቻው ብናቀርበውስ? የፈለገ እንዲጨምር።»

«ለብቻው! ሰው እየተያየ በማንኪያ ይጨምር? ይሉኝታ የያዘው መራራውን ጠጥቶ እንዲሄድ?» ወደ እኔ ዞረች። «ስሚ፣ ስኳር የጠፋ ጊዜ ሸማቾች ሱቅ በር ላይ ፀሐይ እየመታኝ ተሰልፌ ያመጣሁት ለራሴ መሰለሽ? ለዚህ በራድ ነው። አንድ ሐሙስ እንኳ ይህ ኅብረት መራራ ሻይ አልጠጣም። አሁን አንቺ መጥተሽ...»

ንግግሯን ሳትጨርስ ስኳሩን በትልቅ ኩባያ ሙልት አድርጋ ገለበጠችው። ያን ቀን አባዬ ሁለት ብርጭቆ ጠጣ። እሷ ናት የደገመችለት።

የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ የሚያነበው ጽሑፍ አጥቶ ነበር። የአማርኛ መምህራችን «ስለ ጤና የሚጽፍ አለ?» ሲል እጄን አወጣሁ። እጄን አውጥቼ የማውቅ ልጅ አልነበርኩም። ያን ቀን ማታ የጻፍኩትን ሳነበው የራሴ ጽሑፍ አልመስል አለኝ፤ ንዴት እንዲህ ያጽፋል ብዬ አላውቅም ነበር። ስለ ማንኪያዎቹ ጻፍኩ፣ ስለ ጸሎቱና ስለ ጠርሙሱ ጻፍኩ፣ ስኳርን ከሻይ ጋር አብሮ የሚያፈላ ሰው የሌላውን ዓይን እያፈላ ነው ብዬ ጻፍኩ። ስም አልጠራሁም። ቀረፋና ቅርንፉድ ግን ጠርቻለሁ።

በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያው ተነበበ። «ማር ስኳር አይባልም» የሚለው ጋ ግቢው በሙሉ ሣቀ። መጨረሻው ላይ ሣቁ ቆመ። አንዲት የማላውቃት ልጅ ወደ ክፍላችን መጥታ «አንቺ ነሽ የጻፍሽው? የእኔም እናት እንደዚያው ናት» አለችኝ። ወደ ክፍሏ ሄደች። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው እጽፋለሁ ማለት የጀመርኩት።

የእናታችን የልጅ ልጅ እዚያው ትምህርት ቤት እንደምትማር ግን አላሰብኩም። ከትምህርት ቤት ስመለስ እናታችን ነጠላዋን እንደተከናነበች ቤታችን ቁጭ ብላ አገኘኋት።

«ወንድማችን፣ ልጅህ በማይክራፎን ነፍሰ ገዳይ አለችኝ።»

«ብለሻል?» አለ አባዬ።

«ነፍሰ ገዳይ አላልኩም። የሰው ዓይን እያፈሉ ነው ነው ያልኩት።»

«ይኸው!» አለች እናታችን።

«አንቺ ልጅ፣ ይቅርታ ጠይቂ» አለች እማዬ፤ ፊቷ ቀልቷል።

«ለአነጋገሬ እጠይቃለሁ። ለስኳሩ አልጠይቅም።»

እማዬ ልትነሣ ስትል አባዬ ቀድሟት ተነሣ። እኔን ሊቆጣ መስሎኝ ወደ ግድግዳው ሸሸሁ። እሱ ግን ወደ ሣጥኑ ሄደ። ልብሱን ሁሉ እያነሣ ከሥር ያን ነጠላ አወጣውና እናታችን ጉልበት ላይ ዘረጋው። እሷ ራሷ የለበሰችው ነጠላ የአባዬ ሥራ ነው፤ ለፋሲካ ሠርቶ የሰጣት። ሁለቱ ጥለቶች ጎን ለጎን ሆኑ።

«ይሄ ያንተ እጅ አይደለም» አለች።

«የእኔ ነው። ከዚህ ጀምሮ አረንጓዴውን ሰማያዊ መስሎኝ ነው።»

ጥለቱን በጣቷ እየተከተለች ሄደች፤ ቀለሙ የተቀየረበት ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ። «ጌታ ሆይ» አለች፤ ቀስ ብላ።

«እናታችን» አለ አባዬ፣ «እኔ እምቢ ማለት አልችልም። እርስዎ የሰጡኝን መመለስ አልችልበትም፤ ቀድቶ ለሰጠኝ ሁሉ እጄን ነው የምዘረጋው። ስለዚህ እባክዎ፣ እርስዎ አይስጡኝ።»

አባቴ ማንንም ሲለምን አይቼ አላውቅም። ስለ ሻይ ሲለምን አየሁት። ለዚህም ነው የምናደደው፤ ሰው ዓይኑን ለማትረፍ ጎረቤቱን መለመን አለበት?

እናታችን ነጠላውን በጥንቃቄ አጠፈችው። ተነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ወደ እኔ ዞራ «አንቺ ግን አፍሽ!» ብላ ወጣች።

የሚቀጥለው ሐሙስ ከመዝሙሩ አንዱን እንኳ በደንብ አልዘመርኩም፤ ዓይኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ነበር። በራዱ መጣ። ተቀዳ። አንድ ወንድም ፉት ብሎ ፊቱን አጨማደደ።

«እናታችን፣ ስኳሩን ረሱት እንዴ?»

«የረሳሁት ነገር የለም» አለች። ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ስኳር ይዛ መጥታ ጠረጴዛው ላይ ቋ አድርጋ አስቀመጠችው። ውስጡ ያለችው ማንኪያ የአሻንጉሊት ነው የምትመስለው፤ ከየት እንዳመጣቻት እንጃ። «ከዛሬ ጀምሮ ለሁሉም ባዶ ነው የሚቀዳው። አንድ ሰው ለይቼ አላሳፍርም። የፈለገ ይጨምር፣ ያልፈለገ ይተው፣ ለሚያማርር ደግሞ የቧንቧ ውኃ አለ።»

ከዚያ ለራሷ ሦስት ጨመረች። ሳያት «ምን ታያለሽ? እኔ ስኳር የለብኝም» አለችኝ። ተመርምረው ያውቃሉ ወይ ልላት ነበር፤ እማዬ እግሬን ረገጠችኝ።

ያ ፊቱን ያጨማደደው ወንድም በዚያች ማንኪያ መጨመር ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ሰው ሁሉ እያየው። «ይህን ሁሉ ነው እንዴ ስጠጣ የኖርኩት?» አለና ቆመ። አባዬ ባዶውን ጠጣ፤ ማንም ምንም አላለውም። በሕይወቱ ሳይሸማቀቅ ባዶ ሻይ የጠጣበት የመጀመሪያ ቀን ይመስለኛል።

ስኳሩ በአንዴ አልወረደም፤ ኪኒኑም ነበር፣ እንጀራው መቀነሱም፣ ጠዋት ጠዋት ዳገቱን በእግሩ መውጣት መውረዱም። ቀስ በቀስ ዕይታው ረጋ። ሲረጋ ተለክቶ አንድ ትክክለኛ መነጽር ታዘዘለት፤ ሦስቱ ጡረታ ወጡ። ከረሜላው ግን አሁንም ኪሱ ውስጥ አለ፤ እማኙ ነርሷ ናት።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ማለቴ አይደለም። ጠያቂ አሁንም ለስላሳ ይዞ ይመጣል። ትምህርት ቤታችን በር ላይ ያለው ሱቅ ከፊት ለፊት የሚደረድረው እሱኑ ነው። በትልቅ ሰሌዳ ላይ አንድ ቤተሰብ ጠርሙስ ይዞ ጥርሱ እስኪታይ ይሥቃል፤ ስንት ማንኪያ እንዳለበት የተጻፈው ግን ከጠርሙሱ ጀርባ፣ ጉንዳን በሚያክል ፊደል ነው። ዓይኑ የደከመ ሰው በምን ዓይኑ ያንብበው?

ዛሬም ከሆስፒታል ስንመለስ ያ ነጋዴ ሱቁ በር ላይ ቆሞ አየን። የምሥራቹን ነገርነው። «እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ! ታዲያ ጥለት እንጀምራ?» አለ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ።

«ጋቢ ይሻልዎታል ብለኸኝ አልነበር?» አለው አባዬ፣ እየሣቀ።

እኔ ብሆን አልሥቅም ነበር። አባዬ ግን ሥራውን ተቀበለ፤ «መጀመሪያ ግን የማደርሰው አለኝ» ብሎ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ቆርቆሮው ቤት ገባ። ሰማያዊውን ክር አነሣ፤ አረንጓዴውን ከአጠገቡ አስቀመጠና ሁለቱን ትንሽ ቆሞ አያቸው። መጀመሪያ የሚያደርሰው የእናታችንን ነጠላ ነው፤ አሮጌው ነጠላዋ አልቋል ብሏል። ከጥግ አንዱ ሸማኔ ቀና ብሎ «ኧረ እስቲ ና እየው፣ እዚህ ጋ ተምታታብኝ» ብሎ ጠራው። አባዬ ተነሥቶ ሄደ። ጎንበስ አለ።

«እዚች ጋ ነው የዘለልከው» አለው።

በሚቀጥለው ሐሙስ የቤት ኅብረቱ ተራ የእኛ ቤት ነው። ይህን እየጻፍኩ እያለ አባዬ ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ ብሎ፣ በአንዱ መነጽሩ፣ መስመር እየተከተለ አነበበው። ነጋዴው ጋ ሲደርስ «ኧረ ይሄን ቀንሺለት» አለኝ፤ አልቀነስኩም። ሲጨርስ «ለሚያነቡት ሁሉ ንገሪያቸው፤ መጥተው ሻይ ይጠጡ ብሏል አባቴ በያቸው» አለኝ።

ስለዚህ ተጠርታችኋል። በራዱን እናታችን ትጥደዋለች፤ ቀረፋውም ቅርንፉዱም ይኖራል። ስኳሩ ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ አጠገባችሁ ይቀመጣል፣ ማንኪያዋ ትንሽ ናት፣ ስትጨምሩ ማየቴ አይቀርም። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ዳገቱን ስትወጡ በግራም በቀኝም ሱቆች አሉ፣ ወደ እነሱ እንዳትዞሩ። ባዶ እጃችሁን ኑ።